አራት መቶ ሰዓት የሰረዘች አንዲት ዓረፍተ ነገር

«አመልካቹ በቅጹ አሥራ አራተኛ ጥያቄ ሥር በእጅ ጽሑፋቸው ‹እኔ ያደረግሁት ነገር የለም፤ ልጅቷ በራሷ ትጋትና በአላህ ፈቃድ ተምራለች› ሲሉ አረጋግጠዋል። ስለዚህ በአመልካቹ በራሳቸው ቃል መሠረት፣ በተጠቀሱት አሥር ሳምንታት ለተማሪዋ የተሰጠ ሥልጠናም ሆነ ክትትል አለመኖሩን ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሏል። የታክስ ማበረታቻ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። የተማሪዋ የልምምድ ሰዓትም ያለ አሠልጣኝ ያለፈ በመሆኑ እንዳይያዝላት ለዩኒቨርሲቲዋ ተገልጿል።»

(ከጽሕፈት ቤትዎ ኦክቶበር 6 ቀን 2006 ከተጻፈልኝ ውሳኔ፣ ቃል በቃል ተተርጕሞ)

ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ኦክቶበር 27 ቀን 2006

በገጠር የጤና ተማሪዎችን ለሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች የታክስ ማበረታቻ ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ደም ግፊትዎ፣ ስኳርዎ፣ ወገብዎ ሁሉ ደኅና ነው? ይህን የምጠይቅዎ ለወጉ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ለቀረበ ጊዜ መድኃኒት ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና «ደኅና ነኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ በልቤ እጠራጠራለሁ። እርስዎን ግን አልጠራጠርም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ፈርሞ ምሳውን የበላ ሰው ጨጓራው ጤነኛ ለመሆኑ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብኝ እለምናለሁ። ከውሳኔው ወዲህ ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛ ጽፌልዎ ሁለት ጊዜም «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል ካርድ ተልኮልኛል፤ ካርዶቹ የሚያምሩ ስለሆኑ አልጣልኋቸውም። በውሳኔው ግርጌ ግን በአሥራ ስድስት ቋንቋ የታተመ አንድ መስመር አየሁ። አሥራ አንደኛው የእኛው ነው፤ «በቋንቋዎ ልናስተናግድዎ ዝግጁ ነን» ይላል። ግብዣውን በደስታ ተቀብያለሁ። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ ሌላውን ፉትስክሬይ ለሚታተመው የማኅበረሰባችን ጋዜጣ እልካለሁ፤ አስተርጓሚዎ ቢዘገይ አንባቢዎቹ ይረዱዎታል።

እስከ ዛሬ በዚህ አኳኋን ያልጻፍሁትም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ውሳኔዎ የደረሰኝ በረመዳን ነበር። ጾመኛ አንደበቱን መጠበቅ አለበትና ሁለቱ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎቼ ለስላሳ የሆኑት ለዚሁ ነው። ጾሙ ከተፈታ እነሆ ሦስተኛ ቀን ሆነ። ልዘልፍዎ ብዬ ብዕር ባነሣ ዘለፋው አልመጣልኝም። ያለቀችው ትዕግሥቴ ብቻ መስላኝ ነበር፤ ለካ ቁጣውም አብሮ አልቋል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ያህያ እሸቱ ይባላል፤ ኃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምሬ፣ እዚህ አገር ከገባሁ በኋላ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ እንዳዲስ ተፈትኜ አልፌአለሁ። ቤቴ ብሬብሩክ ነው። ሥራዬ ግን ከሜልበርን በመኪና አራት ሰዓት ርቃ፣ በስንዴ ማሳ መካከል ባለች ከተማ፣ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፤ ዓርብ እመለሳለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ነዋሪዎቿ ስማችን በጋዜጣ ይውጣልን አላሉኝም።

ሰልሳቢል ናሲር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። አስኮት ቬል ከሚገኙት የመንግሥት ቤቶች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አድጋለች። የፋርማሲ ትምህርቷን ለመጨረስ የቀራት የአራት መቶ ሰዓት የገጠር ልምምድ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ከጁን 19 እስከ ኦገስት 25 ለአሥር ሳምንታት እኔ ዘንድ ተመድባ ሠርታለች። ሰዓቷ ከተሰረዘ አትመረቅም። ካልተመረቀች ሆስፒታሉ ከጃንዋሪ ጀምሮ የያዘላትን ሥራ አታገኝም። በመድኃኒት ክፍሉ ያለነው ሁለት ሰዎች ስንሆን ባልደረባዬ በዲሴምበር መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፤ በቦታው የምትገባው እርሷ ነበረች። የዩኒቨርሲቲዋ የምረቃ ቦርድ የሚሰበሰበው ሰኞ ኖቬምበር 13 ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨዋነት ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ።

የቅጽዎ አሥራ አራተኛ ጥያቄ «ለተማሪው እድገት ያበረከቱትን የላቀ አስተዋጽኦ በራስዎ ቃል ይግለጹ» ይላል። እኔ ባደግሁበት አገር፣ ክቡር ሆይ፣ ሰው ስለ ሠራው ሥራ ሲጠየቅ «ምን ሠራሁና» ይላል። ሦስት ቀን ስትደግስ ሰንብታ መንደሩን ሁሉ ያጠገበች ሴት እንግዶቿን የምትሸኘው «ምንም ሳትቀምሱ ሄዳችሁ» እያለች ነው። ይህን ሰምቶ እንግዶቹ ጦማቸውን መሄዳቸውን በመዝገብ ያሰፈረ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። የመጀመሪያው በመሆንዎ እንኳን ደስ ያለዎ።

ከሰልሳቢል በፊት ሁለት ተማሪዎች አሠልጥኜአለሁ። የእነርሱን ቅጽ የሞላችው የሆስፒታሉ ጸሐፊ ነበረች፤ የዚሁ አገር ልጅ በመሆኗ እኔ የያዘኝ በሽታ አልያዛትም። ስለ እኔ «ባለ ራእይ መሪ» ብላ ጽፋ አስፈረመችኝ። ስፈርም ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሁለቱንም ጊዜ አጸደቀው። ዘንድሮ ጸሐፊዋ ወልዳ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ራሴ ሞላሁት። ገንዘቡን ፈልጌ አይደለም፤ ቅጹ ካልተሞላ ልምምዱ በመዝገብ አይገባም ስለተባልሁ ነው። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ጉራ ስልክልዎ እንደ እውነት ተቀበሉኝ፤ አንድ ጊዜ ይሉኝታ ስልክልዎ እንደ ኑዛዜ ያዙብኝ።

ያራቪል የሚኖር ኪዳነማርያም የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ የሰው የታክስ ወረቀት እየሞላ የሚተዳደር ሰው ነው። ውሳኔውን አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ ያህያ፣ ፈረንጅ ፊት ዝቅ ስትል ‹ኧረ ቀና በል› ብሎ የሚያነሣህ መስሎህ ነው? እዚያው ጽፎ ነው የሚያስቀርህ» አለኝ። ባለቤቴ ዙሃራ አልሳቀችም። «እና አሥር ሳምንት ሙሉ የሁለት ሰው ስንቅ የቋጠርሁት ላልነበረች ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ በቅጽዎ ውስጥ ባዶ ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ሰልሳቢል በስልክ ስነግራት «ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ ያህያ» አለች። ከዚያ በቀር የተናገረችው የለም። የተናገረችው እናቷ ፈጡማ ናት፤ እርሷም ቢሆን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ ያህያ፣ ለልጄ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ራስዎን ቢያሞግሱ ምን ነበረበት?» አለችኝ። የምመልስላት ነገር እርስዎ ካለዎ በዚያው በመልስዎ ላይ ቢያክሉልኝ አደርስላታለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ምስጋናና ቅሬታ ለመለየት ብሞክር አልተለዩልኝም፤ ስለዚህ አንድ ላይ እንደሚከተለው በቁጥር አቅርቤአለሁ።

1. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ከቅጹ ጋር የአምሳ የሥራ ቀን ማስታወሻ አያይዤ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፣ ምን እንደ ሠራች፣ ምን እንደ ተሳሳተች፣ እንዴት እንዳረምናት፣ በግርጌው የእርሷም የእኔም ፊርማ ያለበት። የተመለሰልኝ እኔው ያሸግሁት ፖስታ፣ እንደ ታሸገ ነው። አምሳ ገጽ ሳያነቡ አንዲት መስመር አንብቦ መወሰን ከፍ ያለ ችሎታ ነው። እኔ የሐኪም ትእዛዝ እንደዚያ ባነብ ኖሮ ከተማዋ ውስጥ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ባልተረፈ።

2. ስለ ስልክ ጥሪው አመሰግናለሁ። ኦክቶበር 12 አንዲት ድምፀ መልካም ባልደረባዎ ደውላ «ለማጣራት ያህል ነው» አለችኝ። ተማሪዋን አሠልጥኜአት እንደ ሆነ ጠየቀች። «አቅሜ የፈቀደውን ያህል» አልሁ። ብቁ አሠልጣኝ ነኝ ብዬ አምን እንደ ሆነ ጠየቀች። «እሱን ሌላ ሰው ይመስክር እንጂ እኔ ምን ብዬ» አልሁ። ከወዲያ በኩል የጽሕፈት ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ፤ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። በሳምንቱ በፖስታ የደረሰኝ የጥሪው መዝገብ «አመልካቹ ብቃታቸውን ማረጋገጥ አልቻሉም» ይላል። እዚህ ላይ ደዋይዋን አልወቅስም። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ስልኩን ሳነሣ አባቴ ያሳደገው ሰው ነው የመለሰው።

3. ሰልሳቢልን አንድም ሰው አልጠየቃትም።

4. ስለ ይግባኝ መብቴ አመሰግናለሁ። ይግባኝ ማለት እንደምችል በደማቅ ቀለም ገልጸውልኛል። ይግባኙ ዘጠና የሥራ ቀን እንደሚፈጅም በዚያው ገጽ፣ በትንሽ ፊደል ገልጸውልኛል። በጣቴ ብቈጥረው ከቦርዱ ስብሰባ በኋላ ወራት ያልፋሉ። ደግሞም ይግባኙ የሚታየው «በመጀመሪያው ቅጽ ላይ በሰፈረው ቃል ብቻ» ነው፤ ማለትም ምንም አላደረግሁም ያለው ሰውዬ፣ ምንም አላደረግሁም ባለበት ወረቀት፣ አንድ ነገር እንዳደረገ ያስረዳል። ይህን ደንብ ያረቀቀውን ሰው ባገኘው ሎጂክ የት እንደ ተማረ እጠይቀው ነበር፤ እኔ በተማርሁበት በዚህ ዓይነት ያንን ኮርስ ማንም አያልፍም ነበር።

5. ስለ ዓላማዎ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ የተቋቋመው የጤና ባለሙያ ወደ ገጠር እንዲሄድ ለማበረታታት መሆኑን ብሮሹርዎ ላይ አንብቤአለሁ፤ ፎቶግራፉ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች የስንዴ ማሳ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። በእርስዎ ማበረታቻ ስንት ሰው ወደ ገጠር እንደ ሄደ አላውቅም። በውሳኔዎ ግን ሊሄዱ ከተዘጋጁት አንዷ መቅረቷን በስም አውቃለሁ።

እንግዲህ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ እንደገና ልመልስ። የፈጡማን ምክር ሰምቼ ራሴን አሞግሳለሁ። እጄ እያፈረ ነው የሚጽፈው፤ ይታገሡኝ።

በየእሑዱ አስኮት ቬል ሄጄ ከፎቁ ሥር አንሥቻታለሁ። አራቱን ሰዓት መንገድ የነዳሁት መድኃኒት በመድኃኒት እየጠየቅኋት ነው። ባላራትን ስናልፍ የተኛች ትመስላለች፤ አውቅባታለሁ። ለኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑ ስንት ይሆናል ስላት ዐይኗን ሳትገልጥ ትመልሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን መለያ ወረቀት በማሽን ከመታተሙ በፊት በእጇ እንድትጽፍ አድርጌአለሁ፤ እጅ ሲጽፍ ዐይን ያነባል። አንድን ስሕተት ለሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ተቈጥቻታለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆይታ ወጣችና «ዩ አር ሶ ሚን» አለችኝ፤ ክፉ ሰው ነዎት ማለቷ ነው። እውነቷን ነበር። ያን ስሕተት ግን አራተኛ ጊዜ አልደገመችውም።

እኛ ዘንድ ዝናብ ከራቀ ዓመታት ሆኖታል፤ ይህን ሜልበርን ያሉት አትክልት ማጠጣት ከመገደቡ በቀር አያውቁትም። ገበሬው በመጀመሪያ ከብቱን ይሸጣል። ቀጥሎ ከሰው ይርቃል። ከዚያ የደም ግፊት መድኃኒቱን መውሰድ ያቆማል፤ ለማንም አይነግርም። በመድኃኒት መስጫው መስኮት በኩል የመጣን ሰው ማስተናገድ የትኛውም ተማሪ ይችላል። እኔ ሰልሳቢልን ያስተማርኋት ያልመጣውን ሰው ማየት ነው። በየሐሙሱ መድኃኒቱ ማለቅ የነበረበትንና መጥቶ ሌላ ያልወሰደውን ሰው ስም ከመዝገብ አውጥታ፣ ለእያንዳንዱ ትደውላለች። ይህ ሥራ በየትኛውም ደንብ ውስጥ የለም። ከባልደረባዬ የወረስሁት ነው፤ እርሱም ከማን እንደ ወረሰው አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ለአንድ ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ደወለች። አላነሣም። ከሰዓት በኋላ ደገመች፤ አላነሣም። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኋት። በዐይኗ ቈጣ ብላ አየችኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ከኋላዋ ቆሜ ዝም አልሁ። በሆዴ የጎረቤቱን ስም፣ የመንገዱን ቁጥር፣ የፖሊሱን ስልክ እየደጋገምሁ ነበር፤ አንዱንም አልነገርኋትም። ጥቂት ቆይታ የስልክ ማውጫውን ሳበች፤ የጎረቤቱን ቤት ፈልጋ አገኘች። ጎረቤትየው ሄዶ ሲያይ ሽማግሌው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ዛሬ በሕይወት አለ፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል።

ክቡር ሆይ፣ ቅጹን ስሞላ ያሰብሁት ያንን ቀን ነበር። ያን ቀን እኔ ያደረግሁት ነገር የለም። በዚህ ሙያ ተማሪ ማሠልጠን ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ የምታውቀውን ነገር አፍህ ውስጥ ይዘህ መቆም። ቅጽዎ «ንቁ ድጋፍ» የሚል ሣጥን አለው። ለዚህኛው ሣጥን የለውም። ስለዚህ ይሉኝታዬም ቢሆን ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ እርስዎ ግን ያላነበቡት ያን ውሸት ያልሆነውን ነው። የሐሙስ ጁላይ 27 ማስታወሻ ላይ አለ፤ ፖስታው ይከፈት።

ውሳኔዎን ያነበብሁት ሥራ ቦታዬ ላይ ነበር። አንብቤ አጠፍሁት፤ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ ለአንዲት አሮጊት የሳምንት ኪኒናቸውን በቀን በቀን ደርድሬ ሰጠኋቸው። ሠላሳ አምስት ፍሬ ነው፤ አንድም አልተሳሳትሁም። እንደ ድሮው ቢሆን ቈጠራውን ሁለት ጊዜ እጀምረው ነበር። ሳልደግመው መጨረሴን ሳይ ብቻ ነው ትንሽ የፈራሁት።

የታክስ ማበረታቻውን አልፈልግም፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ሻይ ክበብ ይሁን። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ውሳኔው ይሻር፤ የሰልሳቢል ናሲር አራት መቶ ሰዓት የተሟላ ክትትል የተደረገበት መሆኑም ለዩኒቨርሲቲዋ በደብዳቤ ይገለጽ። መልስዎ በካርድ ሳይሆን በደብዳቤ፣ በማኅተም ሳይሆን በእርስዎ በራስዎ ፊርማ፣ ዓርብ ኖቬምበር 10 ቀን 2006፣ መሥሪያ ቤትዎ በሩን ከመዝጋቱ በፊት እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በመካከሉ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚዘጋበት የማክሰኞው የፈረስ ውድድር በዓል መኖሩን አውቃለሁ። ያችን ማክሰኞ አስቀድሜ ቀንሼ ነው የቈጠርሁልዎ፤ በውርርዱም ይቅናዎ።

መልስዎን በአክብሮት የምጠባበቅ፣ የወንበርዎን ከፍታ አንጋጥጬ የማይ፣ ለሥራ ዘመንዎ ርዝመት የምመኝና ለአንባቢነትዎ ደግሞ የምጸልይ፣

ያህያ እሸቱ
ፋርማሲስት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ገና ሳልልከው ሆስፒታሉ ለከተማዋ ነዋሪዎች አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል። በባልደረባዬ ቦታ ሰው ካልተገኘ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚከፈት ይገልጻል፤ የትኞቹ ሁለት ቀናት እንደ ሆኑ ግን ገና አልተወሰነም። ሰዎቹ በየትኛው ቀን መታመም እንደሚፈቀድላቸው እኔን ይጠይቁኛል። ይህ ከሥልጣኔ በላይ ስለ ሆነ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ፤ ቀኖቹን በዚያው ደብዳቤ፣ እስከዚያችው ዓርብ በጽሑፍ ያሳውቁን።